የየኔታ መወድስ እና ዩፒኤሱ

አልሠራ ባለ ዕቃ ስናደድ ነው የኖርኩት። ዕቃ በደንብ ስለ ሠራ አፍሬ የማውቀው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዕቃው አሁንም ከጠረጴዛዬ ሥር ተቀምጧል። ጥቁር ነው፣ ከባድ ነው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። ስሙ ዩፒኤስ ነው። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ያቆያል፤ መብራቱ ጉልበቱን ይዞ ሲመለስ ደግሞ ከመቃጠል ያድነዋል። ማንም አላስገደደኝም። መርጬ፣ ጎንደር ድረስ ወርጄ፣ በጉልበቴ ታቅፌ ያመጣሁት እኔው ነኝ።

ደባርቅ ውስጥ የአማርኛ መምህር ነኝ። ከዚያ በፊት የቅኔ ተማሪ ነበርኩ። ከመካነ ብርሃን ወዲያ፣ መኪና በማይደርስበት አገር፣ ጎጆ ውስጥ እየኖርኩ፣ ቁራሽ እየለመንኩ ከየኔታ እግር ሥር ተምሬያለሁ። መወድስ ወደሚባለው ባለ ስምንት ቤት፣ ማለትም ባለ ስምንት ስንኝ ቅኔ ሳልደርስ ትቼ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባሁ። የኔታ አልከለከሉኝም፤ አልመረቁኝምም። «ሂድ እንግዲህ» ነው ያሉኝ። እኔ ግን የትም ብሄድ የእሳቸው ተማሪ መሆኔን ስናገር ነው የኖርኩት፤ ጉራም ቢሆን ጉራ ነው፣ አልክድም።

የኔታ አንድ ነገር ላይ ጨካኝ ነበሩ። ቅኔ ለዕለቱ ነው ይላሉ። ዛሬ የተባለ ቅኔ ለነገ አይቀርብም፤ ለሌላ ደብርም አይቀርብም። ይህ የሁሉም የቅኔ ቤት ሕግ ነው፣ እሳቸው ግን እንደ ሃይማኖት ነበር የያዙት። ተማሪ ሳለሁ አንድ ጊዜ ለንግሥ ይዘውን ሄዱ። እዚያ አንድ ያረጁ መምህር ተነሥተው ቅኔ ተቀኙ። ቅኔው ባለፈው ዓመት በዚያው በዓል፣ በዚያው ቦታ ያሉት ነበር። ጥሩ ቅኔ ሲባል ካህናቱ «ይበል!» ይላሉ አይደል? ማንም ይበል አላለም። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ሽማግሌው ግን ምን እንደተፈጠረ አልገባቸውም፤ የሚያመሰግናቸው ሰው ፍለጋ ፊታቸውን ግራ ቀኝ ያዞራሉ። ተመልሰን ጎጆዎቻችን ጋ ስንደርስ የኔታ ቆም አሉና «እኔን እንዲህ ከማየታችሁ በፊት ይውሰደኝ። እንዲህ እያላችሁ ጸልዩልኝ» አሉን። አሜን የሚል ጠፋ።

እንግዲህ እኒህ ሰው ናቸው አምና በጥቅምት ቤቴ የመጡት። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖባቸው ጎንደር ሐኪም ቤት ቀጠሮ ተሰጥቷቸዋል። ቀጠሮው እስኪደርስ እኔ ጋ እንዲቆዩ ተባለ። በደስታ ልበር ምንም አልቀረኝም። ባለቤቴ የፊት ለፊቱን ክፍል ጠርጋ አልጋ ዘረጋችላቸው፣ ብርዱን የሚችል ወፍራም ጋቢ አወጣችላቸው።

በመጡ በመጀመሪያው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደው መወድስ ተቀኙ። እኔ አልነበርኩም። የፈተና ወረቀት ሳርም አምሽቼ ተኝቼ ቀረሁ፤ መምህሬ ከተማዬ ድረስ መጥተው ሲቀኙ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ! ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰ ሰው ሁሉ ስለዚያ መወድስ ነው የሚያወራው። የዚያን ዓመት ውርጭ የሄሮድስን ወታደሮች፣ ሳይደርስ የተመታውን ገብስ የቤተልሔምን ሕፃናት አድርገው ተቀኝተውታል። ግእዝ የማያውቅ ገበሬ ሳይቀር ትርጉሙ ሲነገረው ጭንቅላቱን ይዞ «ወይ ገብሴ!» አለ አሉ። የደብሩ አለቃ እዚያው በቆሙበት «በኅዳር ንግሣችን መወድሱ የእርስዎ ነው» ብለው አስያዙዋቸው። የኔታም እሺ አሉ።

እኔ አፈርኩ፣ ተንገበገብኩ። ቤት ሲገቡ እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ «የኔታ፣ ያችን መወድስ ለእኔ ይድገሙልኝና በኮምፒውተር ልጻፋት» አልኳቸው።

«አይደገምም። ይህን ሳላስተምርህ ነው የለቀቅሁህ?»

«እንግዲያው ሌላ ይስጡኝ። እርስዎ እኮ አንዱንም አልጻፉም። ሁሉም ከእርስዎ ጋር ሊቀበር ነው?»

ለካ ክፉ ቃል ተናግሬያለሁ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ሳል አሰማችኝ። የኔታ ግን ሳቁ። «ይሁን። ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ እየመጣልኝ እሰጥሃለሁ» አሉ።

ኮምፒውተሬ ከጠረጴዛ የማይነሣው ዓይነት ነው፤ ከግድግዳው ኮረንቲ ሲቋረጥ ወዲያው ድርግም ይላል። ከግድግዳው ጋር የሚያገናኘው አንድ ዲቫይደር ነበር፣ ቀይ መብራት ያላት። ያች ቀይ መብራት ከአደጋ የምትጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ዘበኛ መስላኝ እኮ ነው! ለካ ማብሪያው መከፈቱን እያሳየች ነው እንጂ ምንም አትሠራም።

በመጀመሪያው ቀን የኔታ ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ጀመሩ። ውርጭ። ገብስ። ልቤ ዘለለ። እሳቸውኮ አዘኑልኝ! አይደገምም ብለው ፊት ለፊት ከለከሉኝና አሁን ሌላ ቅኔ አስመስለው ያችኑ ሊሰጡኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ለእኔ ብለው ሕጋቸውን እንደጣሱ ቆጠርኩት። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ፣ የግእዙን ፊደል በአንድ ጣት እየፈለግሁ መጻፍ ጀመርኩ። ሁለተኛው ቤት ላይ መብራት ጠፋ።

ጠረጴዛውን በቡጢ ነረትኩት።

«ምን ሆነ?» አሉ የኔታ። ዓይናቸው ስለማያይ የክፍሉ መጨለም እንኳ አልታወቃቸውም።

«ጠፋ፣ የኔታ!»

«መብራቱ?»

«መብራቱም፣ መወድሱም።»

«ይሁን። ሌላ ይመጣል» አሉና ተነሥተው ወጡ።

በማግሥቱ «ሌላ መጣልኝ» ብለው ተቀመጡ። ውርጭ፣ ገብስ፣ ሄሮድስ። በልቤ ሳቅሁ። ምን ዓይነት ትሕትና ነው! የጠፋብኝን ሊተኩልኝ እንደገና ሌላ ነው ይሉኛል። በዚያ ቀን አጋማሹን አልፈን ነበር። መብራቱ ብልጭ አለ፣ ጠፋ፣ ወዲያው ደግሞ በኃይል ተመለሰና የጣሪያውን አምፖል ጧ አደረገው። ኮምፒውተሩም ተከተለው።

«ለምን እየቆየህ ሴቭ አታደርግም?» አለችኝ ባለቤቴ።

እውነቱን ልናገር። ያልሞላ ቅኔ ማስቀመጥ ነውር መስሎኝ ነው። በቅኔ ቤት፣ ስንኙ ያልሞላ ቅኔ አይሰጥም፤ ሙሉ ሆኖ ነው ከአፍ የሚወጣው። ስምንቱ ቤት ሳይሞላ ያችን ሴቭ የምትለዋን ነገር መንካት ጣቴ እምቢ ይለኝ ነበር። ይህን ለባለቤቴ ሳስረዳት ለረጅም ጊዜ አየችኝና «አንተ የተማርክ ነህ አሉ» ብላ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ጎንደር ወረድኩ።

ሱቁ ውስጥ ሻጩ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ኮምፒውተርህ ስንት ዋት ይበላል?» ብሎ ነው።

«እንጃ። ጥቁር ነው» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት፤ ግን ወጥቷል።

ሻጩ ደግ ነበር፣ አልሳቀም። እሱም ቢሆን ካርቶኑ ላይ ያለውን እያነበበ ነው የሚመልስልኝ። ሦስት ዕቃ ደረደረ። አንዱ ረጅም ዲቫይደር ነው፤ መብራት በኃይል ሲመጣ ራሱን መሥዋዕት አድርጎ ዕቃውን ያድናል፣ መብራት ሲጠፋ ግን ምንም አያግዝም። ሁለተኛው ስታብላይዘር ነው፤ ኮረንቲው ከፍ ዝቅ ሲል ያስተካክላል፣ እሱም ባትሪ የለውም። ሦስተኛው ዩፒኤስ ነው፤ ባትሪም አለው፣ ከኃይለኛ ኮረንቲም ይከላከላል። ትንሽም ትልቅም አለው፤ ልዩነቱ መብራት ከጠፋ በኋላ ስንት ደቂቃ ያቆያል የሚለው ነው። እኔ አልገባኝም እንዳይባል አዎ፣ አዎ እያልኩ ራሴን እነቀንቃለሁ።

«ለስንት ደቂቃ ነው የምትፈልገው?» አለኝ።

«ለአንድ መወድስ የሚበቃ።»

«ለምን?»

«ስምንት ቤት ነው። ግን ሰውዬው ቀስ ብለው ነው የሚሉት።»

ሻጩ ካርቶኑን አገላብጦ አየ። ስለ መወድስ የተጻፈ ነገር አላገኘም መሰለኝ፣ መካከለኛውን አንሥቶ ሰጠኝ። «ኮምፒውተሩንና ስክሪኑን ብቻ ነው የምትሰካበት። ምጣድ፣ ካውያ፣ ፍሪጅ እንዳትሞክር» አለኝ። ፍሪጅ የለኝም፤ ግን ያለኝ መስዬ «እሺ» አልኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ዳባት ስንደርስ እግሬ ደንዝዞ የራሴ አልመስል ብሎኛል። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት «ምንድን ነው ልጄ፣ እንዲህ የታቀፍከው?» አሉኝ። ባትሪ ነው አልኳቸው። «እንደ አራስ ልጅ ነው የያዝከው። በል ማርያም ታሳድገው» ብለው መረቁኝ። መኪናው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴንና የኔታን ሰብስቤ ንግግር አደረግኩ። ከእንግዲህ የሚጠፋ ነገር የለም፣ መብራት ቢሄድ ይህ ዕቃ ይዞ ያቆይልናል አልኩ። ሰካሁ። ለሙከራ ብዬ ቆጣሪው ጋ ወጥቼ መብራቱን አጠፋሁትና ሮጬ ተመለስኩ። ዕቃው ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል።

«ምን ይላል?» አሉ የኔታ።

«መብራት ጠፋ፣ እኔ ግን አለሁ ይላል።»

«ኮምፒውተሩ ግን የለም» አለች ባለቤቴ።

እውነትም ስክሪኑ ጨልሟል። ባለቤቴ ዕቃውን አዙራ ጀርባውን አነበበች። ሶኬቶቹ በሁለት ረድፍ ናቸው፤ አንደኛው ረድፍ ከባትሪው ጋር የተያያዘ፣ ሁለተኛው ረድፍ ከኃይለኛ ኮረንቲ ብቻ የሚከላከል፣ ባትሪ የማያገኝ። እኔ የሰካሁት በሁለተኛው ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ገመዱን ነቅላ በአንደኛው ረድፍ ሰካችው። እንደገና ስንሞክረው ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ቆየ።

የኔታ እንደ ልጅ ደስ አላቸው። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዳሰሱት። «መብራት ሲጠፋ እኔ አለሁ የሚል! እንዲህ ያለ ደቀ መዝሙር ቢኖረኝ» አሉ። ይህን ሲሉ ወደ እኔ አልዞሩም፤ ግን ነካኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃውን «ደቀ መዝሙሩ» እያሉ ይጠሩት ጀመር። ጢጥ ሲል «ይኸው ደቀ መዝሙሩ አለሁ አለ» ይላሉ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ተቀመጥን። «ሌላ መጣልኝ» አሉ፤ ውርጭና ገብስ። በመካከል መብራት ሄደ፣ ደቀ መዝሙሩ ጮኸ፣ እኛ ቀጠልን። ስምንተኛው ቤት ሞላ። ሴቭ አደረግሁት። ምን ዓይነት መወድስ ነው! መጨረሻው ላይ ራሔል ስለ ልጆቿ ስታለቅስ ጭድ ላይ የተቀመጠች የስሜን ገበሬ ሚስት ሆና ትመጣለች፤ ባዶ እንቅብ ይዛ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። «ይበል!» አልኩ ጮክ ብዬ። የሚፈለገው ሁሉ ተፈጸመ፣ አንድ ነገር ከጥፋት አዳንኩ አልኩ በልቤ።

ማክሰኞ ተቀመጡና ፊታቸው በርቶ «ጻፍ ልጄ። ዛሬ ከሁሉም የሚበልጥ አዲስ መጣልኝ። ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርደው አደርኩ» አሉ።

ጀመሩ። ውርጭ።

ጣቶቼ የመጀመሪያውን ቤት ጽፈው ጨርሰዋል፣ ጆሮዬ ገና አልሰማም። ሁለተኛው ቤት ላይ ሰማ። ትናንት ሙሉውን ሰጥተውኛል። አልጠፋም። የሚተኩልኝ ነገር የለም። ታዲያ ለምን?

ቀና ብዬ አየኋቸው። የሚቀልድ ሰው ፊት አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ የሚወጣ ቃል የሚሰማ ሰው ፊት ነበር። ስምንተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ፣ ራሔልና ባዶው እንቅብ ሲመጡ፣ ራሳቸው ተደንቀው ትንሽ ቆም አሉ። ትናንትም እዚያው ቦታ ቆም ብለው ነበር።

እሳቸው ሲወጡ የሁለቱን ቀን ጽሑፍ ጎን ለጎን ከፈትኩ። ፊደል የሳትኩት እኔ ነኝ እንጂ እሳቸው አንድ ቃል አልሳቱም። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ወደ ኋላ ተገለበጠብኝ። ለእኔ አዝነው ሕግ አልጣሱም። የሚተኩት ነገር አልነበረም። በየቀኑ «ሌላ» ሲሉኝ እውነታቸውን ነበር። መወድሱ አልጠፋባቸውም፤ ከዚህ በፊት መቀኘታቸው ነው የጠፋባቸው። እኔ ደግሞ ትሕትና እያልኩ በልቤ ስስቅ ነበር።

ረቡዕም ያንኑ ሰጡኝ፣ ሐሙስም።

እንዴት እንዳፈርኩ መናገር ይቸግረኛል። የኖኅ ልጅ አባቱን ዕራቁቱን ያየው ሳይፈልግ ይሆናል፤ እኔም ሳልፈልግ አየሁ። ያ ዕቃ ባይኖር ኖሮ መብራት እያጠፋው፣ እኔም ቸርነት እያልኩት ይኖር ነበር፤ ማንም አያውቅም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ስረግመው የኖርኩትን የመብራት መጥፋት ለመጀመሪያ ጊዜ ናፈቅሁት። መርጬ የገዛሁት ነገር የመምህሬን ጉድ ቀን በቀን እያከማቸ ያስቀምጥልኛል።

«ንገራቸው» አለችኝ ባለቤቴ።

«ምን ብዬ?»

«እንጃ። ግን ንግሡ እሑድ ነው። ካህናቱ በሙሉ ያችን መወድስ ሰምተዋታል። ያችኑ ካሉ በሰው ፊት ይዋረዳሉ።»

እኒያን ያረጁ መምህር አስታወስኩ፤ ይበል የሚላቸውን ሰው ፍለጋ ፊታቸውን ሲያዞሩ። ዓርብ ዕለት እንደምንም ደፍሬ የኔታ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«የኔታ፣ ዓይንዎን እያመመዎት ነው። የዘንድሮውን መወድስ ለሌላ ሰው ቢተዉትስ?»

«ቅኔ በዓይን ነው እንዴ የሚዘረፈው?» ዘወር አሉ። «ማን ነው የላከህ? አርጅቷል አሉህ?»

«ኧረ የኔታ፣ ምን በወጣኝ!»

«በል ተወኝ።»

ተውኳቸው። ምን ዓይነት ወንድ ነኝ! ክፍል ውስጥ አርባ ልጅ ላይ የምጮኽ ሰውዬ አንድ ቃል መተንፈስ አቃተኝ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ራሳቸው ጠሩኝ። «የነገውን አስቀድመህ ጻፍልኝ። ሰምቼው ልሂድ» አሉ። ተቀመጥን። ከተራራው ከቡይት ራስ በኩል የሚወርደው ነፋስ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መብራቱም ገና ሳንጀምር ሄዷል። ዕቃው ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ውርጭ አሉ።

እጄን ፊደሎቹ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አንዲት ፊደል አልጻፍኩም። እስከ ባዶው እንቅብ ድረስ ሄዱና ጨረሱ።

«ጻፍከው?»

«አዎ።»

«ደግ። አሁን ከዚህ በፊት የሰጠሁህን አውጣና አንብብልኝ። ቃል እንዳይገጥምብኝ ልጠንቀቅ።»

ስክሪኑ ላይ የተደረደሩትን ጽሑፎች ቆጠርኩ።

«አንብብ እንጂ።»

«ጠፍተዋል፣ የኔታ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። መብራቱ እየሄደ… አልቆየልኝም።»

የኔታ ፊታቸውን ወደ ጠረጴዛው ሥር አዞሩ። ዕቃው ያለማቋረጥ ይጮኻል።

«ደቀ መዝሙሩ አለሁ እያለ ነው እኮ።»

ጎንበስ ብዬ ዕቃውን በእጄ ሸፈንኩት።

«መብራት ቢጠፋ እኔ አለሁ ነው የሚለው ያልከኝ። ልጄ፣ ለምንድን ነው የምትዋሸኝ?» ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «አንድ ናቸው?»

«የኔታ…»

«አንድ ናቸው ወይ?»

«አንድ ናቸው።»

«በቤተ ክርስቲያንስ ብዬዋለሁ?»

«ብለዋል። በመጡ በመጀመሪያው እሑድ። አገር ሁሉ ይበል ብሎታል።»

ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ሳቡት። ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም፤ ያን ቀንም አላየሁም፣ ጋቢው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ይቅር ይበሉኝ አልኩ። ስለ ምን ይቅርታ እንደምጠይቅ በትክክል አላውቅም፤ ስላወቅሁ ይመስለኛል።

«ጠፍተዋል ነው ያልከው?» አሉ ከጋቢው ውስጥ።

«አዎ የኔታ። ዋሸሁ።»

«እንግዲያው ይጥፉ። ተማሪዬ ዋሽቶ እንዲያድር አልፈልግም። አጥፋቸው።»

«የኔታ በሞቴ! እንዲህ ያለ መወድስ…»

«አንተ ለቅኔው ነው የምታዝነው። እኔ ለራሴ ነው። አጥፋ አልኩህ!»

አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። ባትሪው ለዚህ የሚበቃ ጊዜ ነበረው።

እሑድ ንግሡ ላይ የመወድሱ ተራ ደረሰ። አለቃው ወደ የኔታ እጃቸውን ዘረጉ። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ካህናቱ ሁሉ አንገታቸውን አስረዘሙ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ።

«አባቶቼ» አሉ የኔታ፣ «ከእንግዲህ የእኔ ድርሻ መስማት ነው። ይቅር በሉኝ።» ተቀመጡ።

ማንም አላጉረመረመም። አንድ ወጣት መሪጌታ ደንገጥ እያለ ተነሥቶ ተቀኘ። ቀድመው ይበል ያሉት የኔታ ነበሩ። ከእኒያ ያረጁ መምህር ዕጣ አመለጡ፤ በገዛ አፋቸው አመለጡ። ቀና ብዬ ላያቸው ግን አልቻልኩም፤ መንገዱን ሙሉ ክንዳቸውን ይዤ መሬት መሬት እያየሁ ወደ ቤት መራኋቸው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የተማሪ ደብተር እያረምኩ ሳለ የኔታ ግድግዳውን እየዳሰሱ መጡ። ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። ፊታቸው በርቷል።

«ኮምፒውተርህን ክፈት» አሉ። «ለንግሡ የሚሆን አዲስ መጣልኝ። ንግሡ እሑድ ነው አይደል?»

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«አዎ፣ የኔታ» አልኩ።

ከፈትኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ውርጭ አሉ።

ጻፍኩ። ልቤ በደስታ ይመታ ነበር፣ አልደብቅም። በገዛ እጄ ያጠፋሁት ቅኔ ቃል ሳይጎድለው እየተመለሰልኝ ነው። መምህሬ አእምሯቸውን እያጡ ነው፣ እኔ ግን ቅኔ አገኘሁ ብዬ ደስ ይለኛል። እንደዚያን ሰዓት በራሴ አፍሬ አላውቅም። አራተኛው ቤት ላይ መብራት ሄደ፣ ዕቃው መጮኽ ጀመረ።

የኔታ ቆም አሉ። «ምንድን ነው ይሄ? ምን ይላል?»

«መብራት ጠፋ፣ እኔ ግን አለሁ ይላል፣ የኔታ።»

«ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ደቀ መዝሙር ቢኖረኝ» አሉ፤ ሳቁና ቀጠሉ።

ራሔልና ባዶው እንቅብ ላይ ደርሰው እንደ ልማዳቸው ቆም አሉ። ከዚያ ጨረሱ። ወዲያው ግን ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አለፈ። እጃቸውን ዘርግተው ክንዴን ፈለጉና ያዙኝ።

«ልጄ፣ ይህን ከዚህ በፊት ብዬው ይሆን እንዴ?»

ዋሽቶ እንዲያድር አልፈልግም ያሉኝን አልረሳሁም።

«ኧረ የኔታ፣ ገና ዛሬ መስማቴ ነው» አልኳቸው። «ይበል!»

ክንዴን ለቀቁኝ። እኔም ሴቭ አደረግኩት።